በአልጋ ሥር የተቀዳው ጠባችን

ይድረስ ለስማቸው፤

እንደምን ነህ ብየ አልጠይቅህም። ደህና ቦታ እንዳለህ ትናንት መምሬ ውብሸት በመስቀላቸው ባርከው ነግረውኛል፤ እሱ ይበቃኛል። ከተለየኸኝ ስድስት ወር ሞላ። መንፈቅህን ትናንት በእናትህ አገር አውጥተን፣ ዛሬ ከቡሬ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ገባሁና፣ አቧራየን እንኳ ሳላራግፍ ብዕር አነሣሁ። ሌላ ሴት ብትሆን "የቤቴ ምሰሶ፣ የዓይኔ ብርሃን" ብላ ትጀምርልህ ነበር። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ቆመህ ስታናድደኝ ኖርህ፤ ተኝተህም ታናድደኛለህ። "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይላል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊናገር ሲል። እኔን ያድርገኝ! አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ነገሬን አስጨርሰኸኝ አታውቅም። ዛሬ የምታቋርጥበት አፍ የለህምና ቁጭ ብለህ ስማ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። በቅሎዋ ደህና ናት፤ እንደ ጌታዋ ደንድና ተቀምጣለች። ጣራው በየበኩሉ ያፈሳል፤ "ነገ አስጠግነዋለሁ" ያልኸው ነገ ገና አልመጣም። ባላገሮችህ ዛሬም ማለዳ ማለዳ በራፉን ያንኳኳሉ። ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ከአንተ የተሻለ ነገረ ፈጅ የለም ተብሎ ከየቆላው ተጉዘው ይመጡና፣ መሞትህን ከእኔ አፍ ይሰማሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬያቸው አለቅስ ነበር። አሁን ግን አስገብቼ ማመልከቻቸውን እጽፍላቸዋለሁ። አባቴ መሪጌታው ዳዊት ያስደገሙኝ የባል ጋቢ ላጥብበት ብለው አይደለም። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ "ከስማቸው ጽሕፈት የሚስቱ ይነበባል" አለ አሉ። ይኸንን ስነግርህ ደስ እያለኝ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያ ፈረንጅህ! ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚህ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፣ አንተ "አዳሙ" ብለህ ስም ያወጣህለት። መቸም አንተ ሰው ስትወድ ልክ የለህም። ከፍርድ ቤት ስትመለስ አማርኛ ታስተምረዋለህ፣ እኔ ምሳ አቀርባለሁ፣ እሱ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሞነጫጭራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያንተ ፈረንጅ ሁለቱንም ነበር። አንተ ቃል በቃል እየመተርህ ስትነግረው ይገባዋል። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ግን አንዲት ቅቤ ሻጭ ተናግራ ሳትጨርስ ዓይኑ ፈጥጦ ይቀራል። ሰዎቻችሁ ይፈጥናሉ፣ ቃሉን ይውጡታል፣ አንዱን ካንዱ ያጣብቁታል እያለ ያማርርህ ነበር። "ቀስ ይበሉ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ" ከአፉ አይጠፋም። ለእኔ ይኸን ሲለኝ ምን ያህል ደሜ እንደሚፈላ ታውቅ ነበር፤ እያወቅህ ትስቅ ነበር።

ከዚያ ያን ሣጥን አስመጣ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሁለት ጥቅል ክር ላዩ ላይ የሚሽከረከር፣ ቴፕ የሚሉት። ድምፅ መቅዳቱስ ይቅር፣ እግዜር ለፈረንጅ ጥበብ ሰጥቶታል እንበል። ግን አንዲት ቁልፍ ነበረችው፤ ወደ ግራ ሲያዞራት ክሩ በግማሽ ዝግ ይልና ንግግሩ ይጎተታል። አዳሙ እንዲያ እያዘገመ ይሰማል፣ ያቆማል፣ ይጽፋል፣ እንደገና ይሰማል። አማርኛን እንደ ሽሮ እህል አንድ በአንድ ይለቅማታል። ክፋቱ፣ ድምፁ ሲዘገይ መዘግየት ብቻ አይደለም፣ ይወፍራል፣ ያጉረመርማል። የአንተ ያ ቀጭን ፈጣን ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አንተ መጀመሪያ የሰማኸው ቀን እንባህ እስኪፈስ ስቀህ "ጵጵስና ሾመኝ!" አልህ። እኔን ሰቀጠጠኝ። ነግሬህ ነበር።

ፈረንጁም ከዚያ ሣጥን እየተማረ እንደ ሣጥኑ ተናጋሪ ሆነ። "ጤና ይስጥልኝ" ለማለት ከሆዱ ድምፅ አውጥቶ እየጎተተ ሲጀምር፣ እሱ እስኪጨርስ የተባለው ሰው ገበያውን ያቋርጣል። ሰው ሁሉ የሚያሾፍበት መስሎት ይቀየመው ነበር።

ሣጥኑም ቢሆን የፈለገውን አልሰጠውም። ሰው ያን ነገር ፊቱ ሲያይ ወንጌል እንደሚያነብ ዲያቆን ይጠነቀቃል። አዳሙ የፈለገው ሰው እንደሚቀዳ ሳያውቅ የሚናገረውን ነው። ይኸን ነገረህ። አንተስ ምን አልኸው? ከሞትህ በኋላ ነው ከራሱ ከአዳሙ የሰማሁት። "ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንደ ሚስቴ የሚፈጥን የለም፤ እሷን የሰማህ ማንንም ትሰማለህ" አልኸው። ጎሽ! በሰርግ ያገባኸኝን ሚስትህን ለትምህርት መሣሪያ አበደርኸኝ።

ያቺን ቅዳሜ አስታውሳት። እኔ መቸም አልረሳትም። የእኅቴ የሽንዲዋ ልጅ ክርስትና ደርሶ ለመንገዱ ስጣደፍ ከንጋት ጀምሬ ቆሜያለሁ። ልብስ አጥቤ፣ ገበያ ወጥቼ፣ ስንቅ አሰናድቼ፣ የተሸከምሁትን ገና ከትከሻየ ሳላወርድ አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ጎንበስ አልህ፤ ጫማህን የምታስር መሰለኝ። ቀና ብለህ "በቅሎዋን እኮ ለአዳሙ አውሼዋለሁ፤ ሽንዲ በእግርሽ ትደርሻለሽ" አልኸኝ። ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው? የሁለት ቀን መንገድ! ያለችኝ አንዲት እኅት! አፌን ከፈትሁት። አንተም አላረፍህም፣ እያከታተልህ ነዳጅ ጨመርህበት። "እኅትሽ ለመሆኑ ማን ጠራሽ?" አልህ። "የመሪጌታ ልጅ በእግሯ ብትሄድ በረከት ነው" አልህ። እንግዲህ ያን ጊዜ ምን እንዳልሁህ እናውቃለን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። "ይኸን ድምፅህን እግዜር ከዚህ ቤት ያጥፋልኝ!" አልሁህ። አንተ ደግሞ ይኸን ስልህ ጭራሽ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ወደ አልጋው ሥር ጎነበስህ። ንቀኸኝ ነው ብየ ባሰብኝ፤ ደጋገምሁት።

የበቅሎዋ ነገር ውሸት ነበር። በማግስቱ ኮርቻዋን ጭነህ ራስህ አወጣሃት፤ "ቀልዴን ነው" አልህ። እኔ ግን አኩርፌ አላናገርሁህም። ሳልስምህ ነው ሽንዲ የሄድሁት። በሳምንቱ ማክሰኞ ስመለስ ተኝተሃል። ለመሬት ክርክር ምስክር ፍለጋ ብር ሸለቆ ወርደህ ወባ ይዘኸው ወጥተሃል። ግንባርህ ይፋጃል። ጠራሁህ፤ ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። ሦስት ቀን አጠገብህ ተቀምጬ ያን የጠላሁትን ድምፅ አንዲት ቃል፣ አንዲት "አንቺ" እንኳ ስጠብቅ ዓርብ ዐረፍህ። እግዜር እንደጠየቅሁት ከዚህ ቤት አጠፋልኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ለማንም አልነገርሁም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም።

ለቅሶህ ላይ እንደ ወጉ ጋቢህ ወጣ፣ ጠመንጃህ ወጣ፣ በቅሎዋ በኮርቻዋ ተጭና ወጣች፣ ሙሾ አውራጇም እያንዳንዱን እያነሣች አስለቀሰችን። አዳሙ ከዳር ቆሞ ይኸን ሁሉ ያያል። አየና በዚያ በጎታታ አእምሮው አሰላሰለ። የሟች ነገር ያለው ሰው ያወጣል፤ እኔ ዘንድ ያለው የስማቸው ነገር ድምፁ ነው፤ ስለዚህ ድምፁን ላወጣ ይገባኛል አለ። ለካ ወግ የሚገባው መስሎት ነው። ብቻ ሳያማክር።

ተዝካርህ በአርባ ቀንህ በእናትህ አገር ወጣ። ሰውየው ከቡሬ ሁለት ሰዓት በእግሩ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ። ፍትሐቱ አልቆ፣ ካህናቱ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሰው መብላት ሲጀምር ሣጥኑን በርጩማ ላይ አስቀመጠና ከሆዱ "ስ...ማ...ቸው" ብሎ ቁልፉን ተጫነ። ያቺን የምታዘገየውን ቁልፍ ወደ ግራ እንዳዞራት ነው፤ ለእሱ ሁልጊዜም እንደዚያ ናት፣ እሱ የሚያውቀው ስማቸው ያ ነው። ከሣጥኑ ውስጥ አንተ አቃሰትህ። ረዥም፣ የተጎተተ፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ሲቃ። የአንተ መሆኑ ይታወቃል፤ እናት አትሳሳትም። እናትህ የያዙትን ጥለው ወደቁ። ሴቱ ጮኸ፣ ወንዱ አማተበ፣ አንዱ ዲያቆን ዳሱን ጥሶ ወጣ። አዳሙ ደግሞ ሰው ልቡ ተነክቶ የሚያለቅስ መስሎት፣ አመስግኖ፣ ክሩን መልሶ ያንኑ መጀመሪያውን እንደገና አሰማን!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብትሰማ መቃብር አይችልህም። አገሩ ሁሉ አንድ ቃል ሆነ፤ ስማቸው ሲዖል ነው። እንዴት ቢሉ፣ ነገረ ፈጅ አልነበር? በምላሱ ስንቱን ድሃ ከርስቱ ነቅሎ ይሆናል፤ ይኸው አሁን ምላሱን ይዘው ያሠቃዩታል፣ ለዚያ ነው ቃሉ የማይወጣው፣ የሚጎተተው። ይኸን ያሉት በጥብቅና ያስፈረድህላቸው ሰዎች ናቸው። የአጎትህ ልጅ ሳይቀር አለ። እኔ አንተን መስደብ ለራሴ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ሰው ሲሰድብህ ስሰማ ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

እናትህ ግን ክፉ አልተናገሩም። "እንግዲህ ልጄን እኔ አወጣዋለሁ" አሉና ቆቡን ከደፉ ወዲህ ይዘውት የነበረውን ጾም እጥፍ አደረጉት። እህል በእሳት ያለፈ አይነኩም፤ ጥሬ ሽምብራና ውሃ ብቻ። ደጀ ሰላሙ ሥር ድንጋይ ላይ ይውላሉ፣ ይሰግዳሉ። መምሬ ውብሸት፣ የነፍስ አባታቸው፣ "ይብቃዎ እማሆይ" ቢሉ "ልጄ ዝም ሳይል?" ብለው መለሱ። በየወሩ ስጠይቃቸው ክንዳቸው ይቀጥናል። አቀርብላቸዋለሁ፣ በትሕትና ይመልሱልኛል። "ያቃስታል እኮ ጥሩወርቅ፣ እንዴት ብየ ልጉረስ?" ይሉኛል። ስማቸው፣ እናትህ በዓይኔ እያየሁ በአንተ ሲቃ ሊሞቱ ነው። የአንተ ባልሆነ ሲቃ።

እኔ ሣጥኑ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ስትስቅበት አይቻለሁ። ለሰው ብናገር "ለባሏ ትሟገታለች" ይሉኛል እንጂ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ያን ጉደኛ ፈረንጅ ፊት ዳግመኛ ላለማየት የማልሁትን መሐላ ሽሬ ወደ ቤቱ ሄድሁ። በር ላይ ቆሜ ያለኝን ስድብ ሁሉ አወረድሁበት። ጨርሼ ትንፋሽ ስወስድ፣ በዚያ የመነኩሴ ድምፁ "እባክዎ፣ ቀስ ይበሉ" አለኝ! ድንጋይ ባገኝ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ከወህኒ ቤት ነበር።

ብቻ ቀስ አልሁለት። ምን ላድርግ፣ የእናትህ ነፍስ ነው። ቃል በቃል እየቆረጥሁ ተዝካሩ ላይ የሆነውን ነገርሁት። ሲገባው ፊቱ ነጣ፤ ፈረንጅ ከዚያ በላይ መንጣት ይችላል ብየ አስቤ አላውቅም። አለቀሰም። ከዚያ ሣጥኑን አውጥቶ ቁልፏን ወደ ቀኝ መለሳትና አስጀመረው።

መጣህ። ስማቸው፣ መጣህ! ያ ቀጭን፣ ተንኮለኛ፣ ከቃሉ ቀድሞ የሚስቅ ድምፅህ። "በቅሎዋን እኮ ለአዳሙ አውሼዋለሁ" ስትል ወንበር ያዝሁ። ቀጥሎ የመጣችው ሴት ማን መሰለችህ? እንዲህ ነው ለካ የምጮኸው። እስከዚያ ደቂቃ አላወቅሁም። ያ ጎንበስ ማለትህ፣ ያ ጫማ ማሰርህ ሁሉ ገባኝ፤ ሣጥኑን አልጋው ሥር ደብቀህ ኖሯል። ፈረንጁ ደግሞ ልቡ ንጹሕ ነውና ደብተሩን ገልጦ፣ አንዲት መስመር ላይ ጣቱን አኑሮ፣ "ይኸ፣ 'ያጥፋልኝ' የሚለው፣ ምን ማለት ነው?" አለኝ። በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ተመልሼ ሌላ ክር፣ አንተ ብቻ ያለህበት፣ እንዲሰጠኝ ለመንሁት። የለም። ክር ውድ ነው፣ በትምህርቱ ላይ ሌላ ትምህርት እየቀዳበት አጥፍቶታል፤ ያልጠፋው ያች ቅዳሜ ብቻ ናት። እንግዲያውስ የእኔን ቆርጠህ ጣልልኝ አልሁት፤ መቀስ አለው፣ እየቆረጠ ሲቀጥል አይቻለሁ። ሞከረ። ግን አንዳችን ዝም ያልንበት ቦታ ታጣ። አንተን ሳይቆርጥ እኔን መቁረጥ አልቻለም።

ዋሽቼህ ምን እጠቀማለሁ፣ ፈራሁ። እናትህን ለማዳን ያን ክር በመላ ዘመድህ ፊት ላሰማ ነው። ልጃቸው በሞተበት በዚያ ሰሞን ሚስቱ "ድምፅህን ያጥፋልኝ" ብላ ስትረግመው ይሰሙ? አምላክስ ሰምቶ የለ? "ይቺ ናት የበላችው" ቢሉኝ ምን መልስ አለኝ? ሁለት ወር ሙሉ አፈገፈግሁ። "ዛሬ ይሻላቸዋል፣ ነገ ይበላሉ" እያልሁ ራሴን ሸነገልሁ። አንተ ነህ እዚህ ውስጥ የከተትኸኝ። ለመንፈቅህ ዝግጅት ስሄድ ግን እናትህ ደጀ ሰላም መሄድ ትተዋል፤ ከመደባቸው አይነሡም። አጥንታቸውን ከጋቢያቸው በላይ ቆጠርሁት። የዚያኑ ቀን ወደ ፍኖተ ሰላም ሰው ላክሁ፤ አዳሙ ሣጥኑን ይዞ ይምጣ ብየ።

ትናንት ያ ሰው ከነሣጥኑ ብቅ ሲል ዳሱ ሊፈርስ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አነሡ። እኔ መሐል ገብቼ ቆምሁና "እናንተ ሰዎች፣ ስማቸውን ሲዖል ያስገባችሁት ከዚህ ሣጥን ነው፤ ከዚሁ ታወጡታላችሁ!" ብየ ጮኽሁ። የነገረ ፈጅ ሚስት መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እናትህን በጠፍር አልጋ ተሸክመን ከዳሱ መሐል አስቀመጥን። ከዚያ መምሬ ውብሸትን በእግዜር ስም ለምኜ ወደ ሣጥኑ አባታችን ሆይ እንዲደግሙበት አደረግሁ። አዳሙ ቀዳና ወደ ግራ አዙሮ አሰማቸው። ያ ሲቃ፣ ያ ጉርምርምታ በመምሬ አፍ ወጣ። መምሬ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ፣ ሰሙና "እኔም ከወዲሁ ሲዖል ገብቻለኋ!" አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ቁልፏ ወደ ቀኝ ስትዞር የመምሬ የራሳቸው ድምፅ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም። "አስጀምረው" አልሁት።

ጠባችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሁለት መቶ ሰው ፊት ተሰማ። ለክፉ አይስጥህ! እናትህ "በቅሎዋን እኮ" ስትል ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። "ለመሆኑ ማን ጠራሽ" ስትል "አየ ስድ! አየ ስድ ልጄ!" እያሉ በሳቅና በእንባ ተንሰቀሰቁ። እኔ የዳሱን ምሰሶ ይዤ፣ የሚመጣውን እያወቅሁ ቆሜያለሁ። መጣ። "ያጥፋልኝ!" እያልሁ ስጮህ ሳቁ ሁሉ ቆመ። ሰው መሬት መሬት አየ። አንዲት አክስትህ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አልቆልኛል አልሁ።

እናትህ እጃቸውን አነሡ። "ቆይ፣ ቆይ። እሷ ስትጮህ እሱ ከሥር አንድ ነገር ይላል። ምንድን ነው የሚለው?" አሉ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ያላሰብሁትን የእናት ጆሮ ለየው። አዳሙም አንገቱን ነቀነቀ፤ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ድምፅ ተደራርቦበት አንድም ቀን አልገባውም። ክሩን መልሶ አሰማን። እውነትም አንተ ጎንበስ ብለህ፣ ሣጥኑ አፍ ላይ ተጠግተህ፣ በዚያ በተጣደፈ አፍህ ታንሾካሹካለህ። እኔ አልሰማሁትም። እናትህ አልሰሙትም። አማርኛ ተናግረን ያደግን ሰዎች፣ አንድም ሰው ምን እንዳልህ አላወቀም። መምሬ ወደ አዳሙ ዞረው "ወደ ግራ አዙራት በዪው" አሉኝ።

አዞራት። ያ አገር ያስጮኸ ሲቃ ተመልሶ መጣ፤ ትናንት ግን ማንም አልሸሸም። የእኔ ጩኸት ከላይ እንደ ነጎድጓድ ይንከባለላል፤ ከሥሩ፣ አጠገባችን፣ አንተ ቃል በቃል፣ ረጋ ብለህ፣ ዕድሜህን ሙሉ ተናግረህ በማታውቀው ዝግታ እንዲህ አልህ። "አዳሙ፣ ይቺን አትጻፋት። የልቧን አይደለም። ከንጋት ጀምራ አልተቀመጠችም፣ ደክሟት ነው። ነገር የፈለግኋት እኔ ነኝ።"

አዳሙ ደብተሩን አወጣና ያችን በቀይ ያሰመረባትን መስመር ቀደዳት። እናትህ ወደ እኔ ዞሩ። አሁንም ምሰሶውን ይዤ ቆሜያለሁ። "በይ ተቀመጪ እንግዲህ፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ አጠገባቸው ያለችውን ሴት "እህል አምጡልኝ፤ ትኩሱን" አሉ። ጎረሱ። አገር ሲያለቅስ እሳቸው ይጎርሳሉ።

ተቀመጥሁ። ግን ይቅር ያልሁህ እንዳይመስልህ። ከትናንት ጀምሮ ንዴቴ ብሷል። የሚያበግነኝ ሌላው ሁሉ አይደለም፤ በአልጋየ ሥር መቀዳቴም ይቅር፣ እንደ ሽሮ እህል መለቀሜም ይቅር። በዚያች ደቂቃ እኔ ከአንተ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ ነበር፤ ያን ሌሊት አኩርፌም ቢሆን አንድ ቤት አድረናል። መንገድ ስወጣ ልጓሙን አንተ ነህ የያዝህልኝ። ስንት ጊዜ ነበረህ!

አዳሙ ክሩን ሰጥቶኛል፤ ትምህርቱን በሌላ ሰው ጠብ ይማር። ማሰሚያ ሣጥን የለኝምና መስማት አልችልም፤ በሣጥኔ ውስጥ ከዳዊቴ ጋራ አስቀምጬዋለሁ። አያስፈልገኝምም፤ ያችን ያልሃትን በልቤ ይዣታለሁ፣ ዳዊት ከምደግመው በላይ እደግማታለሁ። በየዓመቱ መታሰቢያህን አወጣለሁ፤ ሰው "እንዴት ያለ ባል ነበር?" ሲለኝ ተንኮለኛ፣ ውሸታም፣ አፈ ፈጣን ብየ እነግራለሁ፣ ቀጥዬ ከሥር ምን እንዳልህ ቀስ ብየ እነግራለሁ። እስክትቀበለኝ ድረስ ከዚህ ቤት ድምፅህ አይጠፋም፤ የተናገርሁትን እኔው እሽረዋለሁ።

ግን ስማቸው፣ ለሣጥን ከምትነግር ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበር? እቀመጥ ነበር እኮ።

ያችው ሚስትህ፣
ጥሩወርቅ